የትምህርት ክፍል የሚቆመው በሥራው ነው፦ ጣልያንኛና ስፓኒሽ በአዲስ አበባ



የተሰጠኝ ርእስ፣ በዩኒቨርሲቲ ጣልያንኛና ስፓኒሽ የሚያስተምር የትምህርት ክፍል እንዴት ያድጋል የሚል ነው። «ይህማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የስድስት ኪሎ ጉዳይ ነው፤ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ምን አመጣው?» የሚል ሰው ካለ አልፈርድበትም። ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ወደ ከተማችን የገቡት በዩኒቨርሲቲ በር አይደለም። አንደኛው በወረራ፣ ሁለተኛው በጦር ሜዳ ወዳጅነት ገቡ። ዛሬ የሚጠብቃቸው ሥራም የሚበዛው ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ አለ።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የቋንቋ ትምህርት ክፍል በኤምባሲ ቸርነት ሊከፈት ይችላል፤ በቸርነት ግን አያድግም። የሚያድገው እሱ ካልሠራው ማንም የማይሠራለት የራሱ ሥራ ሲኖረው ነው። ለጣልያንኛና ለስፓኒሽ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሥራ ሞልቷል፤ የጎደለው ሠራተኛው ነው።

ከቆምንበት ሠፈር እንጀምር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በያዘበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የተባለ ድርጅት ነበረው። የኢንቺስ ቤቶች፣ በእነሱ አነጋገር «ካዛ ኢንቺስ»፣ የተሠሩበት ሠፈር ካዛንቺስ ተብሎ ቀረ። ይህን የማያውቅ የካዛንቺስ ልጅ የለም። ቤቶቹ በማን ይዞታ ላይ እንደተሠሩ፣ ማን ተነሥቶ ማን እንደገባ የሚናገረው ወረቀት ግን በጣልያንኛ የተጻፈ ነው። ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የነደፉት ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ የጣልያን አርክቴክቶች ከተማዋን በዘር ከፋፍለው ነበር፤ አገሬው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ አቅጣጫ እንዲገፋ፣ መካከሉ ለነጮች እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ዛሬም ድረስ የምንመላለስባቸው አንዳንድ መንገዶች የዚያ ንድፍ ቅሪቶች ናቸው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መባቻ በኮሪደር ልማት እንዴት እንደፈረሰች እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት ወር፣ ጥቂት ርምጃ ርቆ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ዳግም ተከፈተ። ያም ሕንፃ ቢሆን የጣልያናዊ እጅ አለበት፤ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው ለዚህ አዳራሽ ንድፉን ያወጣው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍነውን ባለቀለም መስታወት ደግሞ የእኛው አፈወርቅ ተክሌ ሠራው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተወለደውም እዚያው ነው።

ስፓኒሽም እዚሁ በራችን ላይ ነው። ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ስፓኒሽ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2003 መመሥረቻ ሰነዱን ለማሻሻል ባጸደቀው ፕሮቶኮል ስፓኒሽን ከይፋዊ ቋንቋዎቹ ተርታ አሰልፎታል። ኢኳቶሪያል ጊኒ መንግሥቷን የምታስተዳድረው በስፓኒሽ ነው። የስብሰባ ከተማ ነን እያልን የምንኮራ ከሆነ የአስተርጓሚው መቀመጫ ላይ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅም የእኛ ነው። አስተርጓሚ በወራት ሥልጠና አይገኝም። ሁለት ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ፣ ተናጋሪው ሳይጨርስ ሐሳቡን የሚይዝ፣ የዲፕሎማሲን ወግ የተማረ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ዓመታት የሚሰጠውም ዩኒቨርሲቲ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ። ጣልያንኛ ያለ ትምህርት ቤት የተሰራጨ ቋንቋ ነው። ጋራዥ የገባ ሁሉ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ይላል፤ ጎሚስታ ለመፈለግ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ሞተር እየፈታ ጣልያንኛ የለመደ ትውልድ በዚያ ቋንቋ የተጻፈበትን የክስ ወረቀት ማንበብ አይችልም ነበር። የእጅ ሙያው ጣልያንኛ አንድ ነገር ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ጣልያንኛ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ራሱ የዚህ ታሪክ ሥፍራ መሆኑን ልብ በሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ያ ቤተ መንግሥት ግቢው ሆነ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሆነው፣ በዚያው ሕንፃ ገባ። ስለ ኢትዮጵያ በጣልያንኛ የተጻፉ መጻሕፍት በብዛት የሚገኙት እዚያው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። እንግዲህ ጣልያንኛ የሚማር የስድስት ኪሎ ተማሪ የትምህርቱን ርእሰ ጉዳይ ፍለጋ ከግቢው መውጣት አያስፈልገውም።

ሆኖም ሁለቱ ቋንቋዎች በዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ የኖሩት ዘመናዊ የአውሮፓ ቋንቋዎች በሚል ጥላ ሥር፣ ከፈረንሳይኛ ጎን ነው። ፈረንሳይኛ ከታች የሚመግበው እንደ ሊሴ ገብረማርያም ያለ ትምህርት ቤት አለው። ወደ ጣልያንኛ ወይም ወደ ስፓኒሽ የሚመጣው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፊደል ነው የሚጀምረው። አንዳንዱም መርጦ ሳይሆን ተመድቦ ይመጣል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተምሮ ሲመረቅ ራሱን ማስተዋወቅና ሆቴል መያዝ ይችላል፤ የፍርድ ቤት ሰነድ ወይም ልቦለድ ሲሰጡት ግን ይጨነቃል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ግቡ ያልተነገረው ትምህርት የሚያደርሰው እስከዚያ ነው።

በአንድ ወቅት በአገራችን ግዛት ውስጥ ሙሉ በሙሉ በጣልያንኛ የሚያስተምር ከፍተኛ ተቋም ነበር። የአስመራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1958 በካቶሊክ ደናግል ሲቋቋም የማስተማሪያ ቋንቋው ጣልያንኛ ነበር። እንግሊዝኛ በ1964 ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጣልያንኛው እየሳሳ ሄዶ ቀረ። ቋንቋው የማስተማሪያ መሣሪያ ብቻ በመሆኑ ሌላ መሣሪያ ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ። ራሱ የሚጠና፣ የሚመረመር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ግን እንግሊዝኛ ሊተካው አይችልም ነበር።

ወደ ስፓኒሽ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲጀምር ኩባ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ላከች። በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ ከካራማራ ድል በኋላ ሲያበቃ ወላጅ አልባ ልጆችና የወታደር ልጆች፣ ቀጥሎም ሌሎች ወጣቶች፣ በመርከብ ወደ ኩባ ተጓዙ። ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የወጣቶች ደሴት በሚባለው ሥፍራና በሌሎች የኩባ ከተሞች ተማሩ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነው ተመለሱ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን ኩባውያን ያስታውሳል። ከኩባ የተመለሱት ልጆች ግን ሐውልቱ ቢቀር አንድ ወጥ የቃል ታሪክ ስብስብ ያስፈልጋቸው ነበር።

አስቡት፤ አንድ የስፓኒሽ ትምህርት ክፍል ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት ይመኛል? ቋንቋውን በልጅነታቸው የጠጡ፣ ሁዋን ከሚባል ጓደኛ ጋር ሸንኮራ የቆረጡ፣ በስፓኒሽ ያፈቀሩና በአማርኛ ያረጁ ሰዎች በዚህች ከተማ አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ማስተማር የሚችሉት እንዲያስተምሩ፣ መናገር የሚችሉት እንዲቀረጹ ማድረግ ከማድሪድ መምህር እስኪላክ ከመጠበቅ ይቀድማል።

መምህር መላክን ማጣጣሌ አይደለም። ስፔንም ጣልያንም ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሌክተር ይልካሉ፤ መጻሕፍት ይሰጣሉ፤ ፈተና ያዘጋጃሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን የተላከው መምህር ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። በጀት ሲቀነስ ጭራሽ አይመጣም። የሰበሰበው ማስታወሻ፣ የተማሪዎቹ ድካምና ጥንካሬ ላይ ያካበተው ልምድ አብሮት ይሄዳል። ቀጣዩ ከሀ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ክፍል ሃያ ዓመት ቢኖር የሃያ ዓመት ልምድ የለውም፤ የአንድ ዓመት ልምድ ሃያ ጊዜ ደግሟል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ለሞዛርት «ዶን ጆቫኒ»ን የመሰሉ ኦፔራዎች ድርሰት የጻፈው ሎሬንዞ ዳ ፖንቴ በስተርጅናው ኒው ዮርክ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1825 የኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያው የጣልያንኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚኖረው ከተማሪ በሚያገኘው ክፍያ ነበር። ተማሪው ብዙ አልቆየለትም። ይሁን እንጂ የጣልያንኛ መጻሕፍቱን ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሸጦ ነበርና መጻሕፍቱ ከእሱ በኋላ ኖሩ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰው ይሄዳል፣ የሚያስቀጥለው የተቀመጠ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ የተተረጎመ ሰነድ፣ በአማርኛ የተጻፈ የሰዋስው መምሪያ፣ የራስ ምሩቅ መምህር።

እንግዲህ ምን ይነበብ? የሚመጣልን መማሪያ መጽሐፍ በሮም ካፌ ቡና ማዘዝን፣ በማድሪድ ሜትሮ መሳፈርን ያስተምራል። ይሁን። ሆኖም ኢትዮጵያዊ ተማሪ በነዚህ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን ማግኘት ይችላል፤ ያንን የነገረው የለም እንጂ።

ሉዶቪኮ አሪዮስቶ እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» ውስጥ አስቶልፎ የተባለው ጀግና በክንፋም ፈረስ በርሮ ኢትዮጵያ ይደርሳል። በዚያ ሴናፖ የተባለ ባለጸጋ፣ ግን ዓይነ ስውር የሆነ ንጉሥ ያገኛል፤ አስጨናቂ ፍጥረታት ማዕዱን እየነጠቁ ያስርቡታል፤ አስቶልፎም ያድነዋል። ቶርኳቶ ታሶ በ1581 ባወጣው ግጥማዊ ድርሰቱ ክሎሪንዳ የተባለችው ተዋጊ ሴት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የክሎሪንዳ ታሪክ ምንጩ ሄሊዮዶሮስ የጻፈው ጥንታዊ የግሪክ ልቦለድ ነው፤ እሱም ስለ ኢትዮጵያ ልዕልት ይተርካል። ታላቁ የስፔን ደራሲ ሰርቫንቴስም ከሄሊዮዶሮስ ጋር የሚፎካከር መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ነበር፤ ያ መጽሐፍ፣ «ፐርሲሌስ»፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1617 ታተመ። እነሆ፤ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ተነሥተን በጣልያንኛም በስፓኒሽም ሥነ ጽሑፍ መካከል መመላለስ እንችላለን። የሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ክፍል መጣመርም ለበጀት ቁጠባ ብቻ አይሆንም፤ ከላቲን የተወለዱ እህትማማች ስለሆኑ አንዱን ያጠና ሌላውን በቀላሉ ይደርስበታል።

ከዚህም የሚጣፍጥ አለ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የቫለንሲያ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1610 ስለ ኢትዮጵያ በስፓኒሽ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የጻፈውም አብዛኛው የፈጠራ ተረት ነበር። በዚያው ዘመን ሌላ የስፔን ሰው፣ ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነበር፤ አማርኛና ግእዝ ተምሮ፣ በ1618 ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ በ1622 ሞተ። ፓኤዝ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ የጻፈው ለኡሬታ ውሸት መልስ እንዲሆን ብሎ ነው። የኢየሱሳውያን ሚሲዮን በአገራችን ያስነሣውን ደም መፋሰስ ማንም አይረሳም። ይሁንና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እኛ የተካሄደ ክርክር ነውና፣ ክርክሩን ለመዳኘት ከእኛ ወገን የመጽሐፉን ቋንቋ የሚያነብ ሰው መኖር አለበት።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ኤኒዮ ፍላያኖ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ ላይ የተመሠረተ ልቦለድ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት አገኘ፤ ታሪኩ አንድ ጣልያናዊ መኮንን በአንዲት ኢትዮጵያዊት ላይ ስለሚሠራው ግፍ ነው። የደጃዝማች ናሲቡ ዘአማኑኤል ልጅ ማርታ ናሲቡ ደግሞ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጣልያን የተጋዘችበትን ዘመን ትዝታ በጣልያንኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመች። ገብርኤላ ጌርማንዲ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ልቦለድ የአርበኞችን ትረካ በጣልያንኛ አቅርባለች። እነዚህን መጻሕፍት ሮም ያለ ተማሪ በጣልያን ሥነ ጽሑፍ ስም ያነባቸዋል። እዚህ ብናነባቸው የራሳችን ታሪክ ናቸው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደውን ሰውም እናስታውስ። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ አስተማረ፤ ለጣልያናውያን የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ ጻፈ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም አሳተመ። በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር መቆሙ ስሙን አጠቆረው፤ ይህን ሳንሸፋፍን ብንናገርም የናፖሊው ተቋም ምን እንደሠራ ማየት ይገባናል። እዚያ አማርኛ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና ኖሯል። ኢኛሲዮ ጉዊዲ የተባለው ሌላው ሊቅ (ከአርክቴክቱ ጋር ስም ይጋራል) የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1901 አወጣ። እነሱ እኛን ማንበብ ሥራቸው አደረጉት፤ መምህር ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጥናቱ ግን አልተቋረጠም። እኛስ እነሱን ማንበብ ለምን ሥራችን አላደረግነውም? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል።

የማንበቡ ጉዳይ ቅንጦት አይደለም። የጣልያን ጦር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ጣልያን ለአሥርት ዓመታት ስትክድ ኖራለች። የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ የሙሶሊኒን ትእዛዞች ከመዝገብ ቤት አውጥቶ እያሳተመ ሲሞግት ኖረ፤ የጣልያን የመከላከያ ሚኒስትር ለፓርላማ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይህን ያህል ትልቅ እውነት ያወጣው ጣልያናዊ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሰነዱን ማን ይመርጣል፣ ምን ይፈልጋል፣ የቱን የገጠር ስም ከየትኛው የእኛ መንደር ያገናኛል? የጣልያን ጸሐፊ አጣሞ የጻፈውን የቦታ ስም አይቶ «ይህማ የአያቴ አገር ነው» የሚለው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ሥራ ልጨምር፤ ይህኛው የሕያዋን ነው። ፓርላማችን ጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን እስኪያግድ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ ስፔንና ወደ ጣልያን ሄደዋል። ሁለቱም ከዋነኞቹ ተቀባይ አገሮች መካከል ነበሩ። እነዚያ ልጆች አድገው ወላጅ እናት ፍለጋ እየመጡ ነው። አማርኛቸውን ረስተዋል። እናት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ ትናገራለች፤ ልጅ በስፓኒሽ ትጠይቃለች። «ለምን ሰጠሽኝ?» የሚለውን ጥያቄ በማን እናስተረጉም? ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ እየተሻገረ ስንት ነገር ይጠፋል? ለዚህ ቀን የሠለጠነ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሁለቱንም ባህል የሚያውቅ አስተርጓሚ የትኛውም ኤምባሲ አያሠለጥንልንም።

«ቻይንኛና ዐረብኛ እያሉ ጣልያንኛ ምን ያደርጋል? የአገራችን ቋንቋዎችስ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ቻይንኛም ዐረብኛም ይጠና፤ የአገር ቋንቋማ ግዴታ ነው። እንዲያውም አሁን የነገርኳችሁ ሥራ ያለ ኦሮምኛ፣ ያለ ትግርኛ፣ ያለ ሶማልኛ አይሠራም፤ ሰነዱ ጣልያንኛ ይሁን እንጂ ሰዎቹ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገሩ ናቸው። ትልቅ ክፍል እንዲሆንም አልጠይቅም። በየዓመቱ መርጠው የሚገቡ ጥቂት ተማሪዎች፣ የመጀመሪያው ዓመት ከጧት እስከ ማታ ቋንቋ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አንድ እግሩ በታሪክ ወይም በሕግ የቆመ ትምህርት ይበቃል።

ሐሳቤን ወደ ተግባር አውርጄ ልጨርስ። እያንዳንዱ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ አንድ ሰነድ፣ አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ ወይም አንድ የቃል ታሪክ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገር ቋንቋ ይተርጉም፤ ትርጉሙ ከነምንጩ በጥናትና ምርምር ተቋሙ ይቀመጥ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከየትም የማይገኝ ስብስብ ይኖረናል፤ ሌክተር ቢመጣም ባይመጣም የሚቀጥል ስብስብ። የተሻሉት ምሩቃን ሮም፣ ናፖሊ፣ ማድሪድ ወይም ሀቫና ተልከው፣ ተመልሰው መምህር እንዲሆኑ ከተላኩበት ቀን ጀምሮ ቦታቸው ይጠበቅ።

ከእናንተም የምጠይቀው አለ። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ በጣልያንኛ የተጻፈ የቤት ውል፣ ደረሰኝ፣ የመታወቂያ ወረቀት ያላችሁ የካዛንቺስ ልጆች፣ ከመጥፋቱ በፊት ኮፒው ለጥናት እንዲውል ፍቀዱ። ሠፈሩ ፈርሷል፤ ወረቀቱ የሠፈሩ መታወቂያ ነው። ኩባ የተማራችሁ ደግሞ የደብዳቤያችሁን ጥቅል ይዛችሁ፣ ትዝታችሁን ጭምር፣ ወደ ተማሪዎቹ ሂዱ። እነሱ በስፓኒሽ ይጠይቋችሁ፤ ሲሳሳቱም ስታርሟቸውም ይቀረጽ። የትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያ ትምህርት በዚያ ይጀመር።